በር ላይ የቀሩ እጆች

የጉድጓድ ውሃ የምትስብልኝ ሞተር በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ተቃጠለች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ሞተር በዓመት ሦስት ጊዜ የሚቃጠለው በዕድል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምቆጣው ተማሪ ስለሌለኝ፣ ያጠራቀምኩትን ቁጣና ሞተሯን በአንድ ጆንያ ይዤ ሁልጊዜ ወደሚጠግንልኝ ጥቅለላ ቤት ሄድኩ።

የተቃጠለ ሞተር ሽቦው ወጥቶ በአዲስ የመዳብ ሽቦ የሚጠቀለልበት ይህ ቤት የቆየ ወዳጄ ቤት ነው። ሰዉ ሁሉ ባለቤቱን አባ ጆሮ ይለዋል፤ እውነተኛ ስሙን ከቤተሰቡ ሌላ የሚያውቅ የለም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ሞተር ሲመጣለት ለመፍታት አይቸኩልም። ረጅም ካካቢቴ፣ ያንን ብሎን መፍቻ፣ ያነሳና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሦስተኛው ጥቅል ላልቷል» ወይም «የኋላው ኩሽኔታ ደርቋል» ይላል። ሲፈታ እንዳለው ነው። ድምፅ በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ፣ ይህን ባየሁ ቁጥር እንደ ልጅ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ።

የዚያን ቀን በሩ ላይ ስደርስ ሰባት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ሥራ ይጠብቃሉ። ከእነሱ አንዷ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት፣ ፖስታ ይዛ ከዘበኛው ጋር ትነጋገራለች።

«ውስጥ ሰው አለሽ?» አላት ዘበኛው።

«የለኝም። ሥራውን ግን እችላለሁ።»

«መቻልሽን ማን አየልሽ? ሰው ይዘሽ ነይ፣ እህቴ። እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

ጆንያዬን አስቀምጬ ጠጋ አልኩና ምን ሥራ እንደምትችል ጠየቅኋት። የአየር ማራገቢያ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሞተር ጠቅልላለች። ፋብሪካው ተዘጋ። ሦስት ዓመት ሆናት።

«አሁን የት ነው የምትኖሪው፣ ልጄ?»

«ሴት ልጄን ይዤ እህቴ ሳሎን ውስጥ ነን። የእህቴ ባል ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ አባቴ። ግን ማዕድ ላይ ዝም ማለት ጀምሯል» አለችኝ።

ይህ አባባሏ አንጀቴን በላው። ሰው ሲሰድብ መልስ ይሰጡታል፤ ዝም ሲል ግን ጉርሻው አልወርድ ይላል። ከአጠገቧ አቧራ የለበሰ ሰውዬ ቁጢጥ ብሎ ነበርና እሱንም «አንተስ?» አልኩት። አፉን ከፈተ፤ አንገቱ ተወጠረ፤ ቃል ግን አልወጣውም። በጠዋት የጠጣ መሰለኝና ትቼው ገባሁ።

ውስጥ አባ ጆሮ ከሴት ልጁ ጋር ተቀምጧል። ልጅቷ ተምራ ከመጣች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው፤ የቢሮውን ሥራ ይዛለች። ሰላምታችንን እንደጨረስን ቁጣዬን ለጊዜው ዋጥ አድርጌ በበጎው ጀመርኩ።

«ወዳጄ፣ የውሃ ድርጅቱን ሁለት መቶ ሞተር ተረክበሃል፤ ሁለት ሞተር ጠቅላይ ሠራተኛ ጎድሎሃል ሲሉ ሰማሁ። በርህ ላይ አንዲት ሴት አለች። ውሰዳት፤ እኔ እመሰክርላታለሁ።»

«አንተ ካልክማ አለቀ» አለ አባ ጆሮ። «ነገ ትግባ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። በሁለት ዓረፍተ ነገር አንዲት እናት ከነልጇ ከሰው ሳሎን አወጣሁ ብዬ ልቤ አበጠ። ልጅቷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስትሠራ አይተዋታል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ በምን መሰከሩላት?»

«በአነጋገሯ። ቁም ነገረኛ መሆኗ ያስታውቃል።»

«ይሆናል። ከአጠገቧ ተቀምጦ በመስኮት ስላየሁት ሰውስ ምን ይላሉ?»

«ሰካራሙን ነው?»

«ሰካራም አይደለም፣ መምህር። ንግግር ይይዘዋል። እኔ ከመጣሁ እንኳ አራት ጊዜ ተመላልሷል። ዘበኛው ስሙን ተናግሮ እስኪጨርስ አይጠብቀውም።»

ሠላሳ አራት ዓመት ስንት የሚንተባተብ ልጅ እንዳላስተማርኩ፣ ሰውየውን አንድ ደቂቃ ሙሉ እንኳ አልጠበቅኩትም። በአነጋገር መስክሬ በአነጋገር ፈርጄ ነበር የገባሁት።

«አንቺ ልጅ፣ መምህርን አታሳፍሪው» አለ አባት። «ይህን ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያቆምኩት ሰው በሰው እየቀጠርኩ ነው። ዋስ ያለው ሠራተኛ አይሰርቀኝም። ያስገባውን ሰው ስለሚያፍር ጥሎኝ አይጠፋም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ። እውነትም አልሰረቁህም። አሥራ አንዱም ሠራተኞችህ አንድ ብሎን አላነሱብህም። ግን ልጠይቅህ። ቫርኒሽ የተነከረ ሞተር ምድጃ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ስድስት ሰዓት። ይህንንማ የቤት ድመትም ያውቃል።»

«እዚህ ቤት ሦስት ሰዓት ነው የሚቆየው። ሁለት ዓመት ሆነው።»

አባ ጆሮ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ፎርማኑን አንተ አመጣኸው። እሱ የአጎቱን ልጅ አመጣ፤ የአጎቱ ልጅ ጎረቤቱን፤ ጎረቤቱ አማቹን። አንድ ቀን ሥራ በዝቶ ፎርማኑ ሞተር በሦስት ሰዓት አወጣ። ሞተሩ ተነሳ፣ ሠራ፣ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀረ። አዲስ የሚመጣው ሁሉ ሙያውን የሚማረው ካስገባው ሰው ስለሆነ፣ ሦስት ሰዓትን እንደ ሕግ ተማረው።»

«እና ከአሥራ አንድ ሰው አንድ የሚነግረኝ ጠፋ?»

«ማን ይንገርህ? ውለታ ያለበት ሰው አይሰርቅም ብለሃል፤ ልክ ነህ። ግን ውለታ ያለበት ሰው የባለውለታውን ስህተትም አይናገርም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጠህ መውሰድ አትችልም፣ አባዬ።»

እኔ በዚህ ጊዜ ጆንያዬን ፈትቼ ነበር። ካካቢቴና ፒንሳ ተውሼ የሞተሬን ክዳን አነሳሁና ጣቴን ወደ ጥቅሉ ሥር ሰደድኩ። ቫርኒሹ ከላይ ደርቋል፤ ከውስጥ እንደ ማር ይጣበቃል። ጣቴን ለወዳጄ አሳየሁት። አሸተተው፣ አሻሸው። እርጥበት ባልደረቀው በኩል ገብቶ ሞተሬን ሦስት ጊዜ እንደገደላት ለሁለታችንም ማስረዳት አላስፈለገም።

«ምድጃውን አስተካክላለሁ» አለ በመጨረሻ። «በር ላይ ያሉት ግን ሌላ ነገር ናቸው። ሦስት ዓመት ሥራ የፈታ ሰው እጁ ይዝጋል። ደግሞ ደህና ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሌላው ይወስደው ነበር።»

«ሌላውም እንዳንተ ነዋ የሚለው» አለች ልጅቷ። «የወዲያኛው ባለጋራዥም ‹ደህና ቢሆን ሌላው ይወስደው ነበር› ብሎ ይመልሰዋል። ሁሉም ሌላው እስኪያይለት ይጠብቃል፤ በመጨረሻ ማንም ሳያየው ይቀራል። ስድስት ወር ሥራ የፈታ ሰው ሦስት ዓመት የሚሞላው እኮ እንዲህ እየሆነ ነው። ሰው ይዘህ ና ትሉታላችሁ። ሥራ ያለው ሰው ወዳጁም ሥራ ያለው ነው። ሥራ ያጣው ግን የሚያውቃቸው ሰዎች ከወር ወር እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ሻይ የሚጋብዝበት ስለሌለው እሱም ይሸሻቸዋል። ምንም የሌለውን ሰው ከሁሉ በላይ የጎደለውን ነገር ይዘህ ና ማለት አይደለም ወይ?»

እንዲህ ያለ ንግግር ከተማሪዎቼ መካከል ሰምቼ ብሆን መቶ ከመቶ እሰጥ ነበር። አባትዬው ግን ለመቶም የሚበገር አልነበረም።

«እሺ፣ በሬን ልክፈትና መንገደኛ ሁሉ ይግባ በለኝ፣ መምህር» አለ ወደ እኔ ዞሮ።

«በሩ ይከፈት አይደለም ልጅህ የምትለው» አልኩት። «መስፈሪያው ይለወጥ ነው። ፈተና ስሰጥ ወረቀቱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር አጽፍ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ሲሆን እጄ ወደ ላይ፣ የረባሹ ሲሆን እጄ ወደ ታች ስለሚሄድ ነው። ራሴን አላምነውም ነበር። አንተ ደግሞ እኔ የሌለኝ ነገር አለህ፤ ጆሮ አለህ። ለዕቃው የምታምነውን ጆሮህን ለሰዉ ለምን ትነፍገዋለህ?»

ይህች ገባችው። ሰው በሚኮራበት ነገር ሲጠየቅ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ጥቂት አሰበና እንዲህ ተስማማን። በር ላይ ላሉት ሰባት ሰዎችና ፎርማኑ ቃል ለገባለት ለሚስቱ ወንድም፣ በጠቅላላው ለስምንት ሰዎች፣ አንድ ዓይነት የተቃጠለ ሞተር፣ አንድ ዓይነት ሽቦ፣ ሦስት ቀን ይሰጣቸዋል። ሞተሩ ላይ ቁጥር ይታሰራል። ስም፣ ዘመድና ሥራ የፈቱበት ዘመን አይጠየቅም። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ልጅቷ ብቻ ታውቃለች። አባ ጆሮ ሁለቱን በጆሮው ይመርጣል።

ልወጣ ስል ልጅቷ በቀስታ፣ «የእርስዎን ሴትዮስ እንዴት እናድርግ?» አለችኝ። ሴትዮዋ ሳታውቀው ለሩብ ሰዓት ያህል ተቀጥራ ነበር። ቃሌን ካላነሳሁ ነገ ትገባለች፤ ካነሳሁ ልትወድቅ ትችላለች። ያች ሳሎን፣ ያ ማዕድ ላይ ዝም የሚል ሰውዬ ፊቴ ድቅን አሉ። ደግሞ ያንን ያልጠበቅኩትን ሰው አሰብኩ። ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ እሷ በቃሌ ከገባች አንዱ ሳይታይ ይዘጋል።

«ቃሌን አንስቻለሁ» አልኳት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ግነት አይሆንም።

በአራተኛው ቀን ስምንቱ ሞተሮች ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ሰዎቹ ከጓሮ ሆነው ይጠብቃሉ። አባ ጆሮ ካካቢቴውን በጨርቅ ወልውሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ልጁ አንድ በአንድ ማብራት ጀመረች።

«ቁጥር አንድ... ደህና ነው። የረጋ እጅ ነው። ቁጥር ሁለት... ይሄ ደግሞ ለማን ነው የሚያለቅሰው? አጥፊው፣ አጥፊው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ፎርማኑ ብቻ መሬት መሬት አየ፤ በኋላ እንዳወቅነው ቁጥር ሁለት የሚስቱ ወንድም ነበር። ሦስት አለፈ። አራት ላይ አባ ጆሮ ጥቂት ቆየ። «ይሄ የሚያውቅ እጅ ነው። አንድ ማሰሪያ ግን ላላ ብሏል፤ ትሰማለህ መምህር? እንደ ዝንብ ትላለች።» እኔ ምንም አልሰማሁም። አምስትም አለፈ።

ስድስት ላይ ካካቢቴውን አስደግፎ ጠበቀ፣ ጠበቀና፣ «አብሪው እንጂ፣ ልጄ» አለ።

«አባዬ፣ በርቷል።»

ዓይኑን ከፈተ። የሞተሩ ዘንግ ይሽከረከራል። እጁን ዘርግቶ ከላዩ ነፋሱን ዳሰሰ። እንደገና ካካቢቴውን አስጠግቶ ትንፋሹን ያዘ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ መዶሻ የያዘው እንኳ፣ እንደቆመ ቀረ። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር የሚሰማው። ወዳጄ ካካቢቴውን አወረደና ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ሰማሁ። ፊዚክስ የዚህን ስሌት አስተምሮኛል፤ እንዲህ ያለ እጅ በዓለም ላይ እንዳለ ግን አላስተማረኝም።

«የማን ነው?» አለ አባ ጆሮ።

ልጅቷ ወደ ጓሮ ሄዳ ያንን ሰውዬ ይዛ ገባች። አቧራ የለበሰውን፣ ንግግር የሚይዘውን፣ እኔ ሰካራም ያልኩትን። አራት ዓመት ሥራ ፈትቷል። «አራት ዓመት ሙሉ እጅህ እንዴት እንዲህ ሆኖ ቆየ?» ሲባል፣ ለመናገር አልታገለም። ከኪሱ ትንሽ የእንጨት ማጠንጠኛ አወጣ። ላዩ ላይ አሮጌ ሽቦ ተጠቅልሏል። በየጠዋቱ ፈትቶ እንደገና ሲጠቀልለው፣ ሲፈታው ሲጠቀልለው፣ ሽቦው እንደ ጌጥ አብረቅርቋል። አባ ጆሮ ማጠንጠኛውን ተቀብሎ ጥቅሎቹን በጥፍሩ አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ፤ አንዱም ከሌላው አልተዛነፈም።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ በር ስንት እንዲህ ያለ እጅ መለስኩ?»

እኔም ስንቱን ልጅ ደቂቃ ሳልጠብቀው እንዳለፍኩ እያሰብኩ ነበር።

ሰባትና ስምንትም ተሰሙና፣ ሁለተኛው ቦታ ለቁጥር አንድ ሆነ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ሌላ ቦታ ዕድሜውን ጠይቀው መልሰውታል። ቁጥር አራት ሦስተኛ ወጣች። ቁጥር አራት ሴትዮዋ ነበረች።

ወደ ግቢው ተከትያት ወጣሁና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ አንድ ማሰሪያዋ መላላቱን፣ በቃሌ እንደተቀጠረች፣ ቃሌን እንዳነሳሁ። ትረግመኛለች ብዬ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላው።

«ያናድዳል፣ አባቴ። አልዋሽዎትም» አለች። «ግን ሦስት ዓመት ከየበሩ ስመለስ አንድ ሰው ምን እንደጎደለኝ ነግሮኝ አያውቅም። የምመለሰው በሴትነቴ ይሁን፣ በልብሴ ይሁን፣ በመልኬ ይሁን ሳላውቅ ራሴን እየወቀስኩ ነው የምተኛው። ዛሬ አንድ ማሰሪያ መሆኑን አወቅኩ። ማሰሪያ እኮ ይጠብቃል።»

ከዚያ ተመልሳ ገባችና አባ ጆሮን ካካቢቴውን ለመነችው። ቁጥር ስድስትን አብርታ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ፊቷ ላይ ቅናት አላየሁም። እንደ እኔው ተደንቃ ነበር። «አሁን ገባኝ» አለች ለራሷ።

አባ ጆሮ በራሱ እጅ፣ ሦስተኛ መውጣቷንና የጎደላትን አንዲት ነገር በወረቀት ጽፎ ፈርሞ ሰጣት። «ከሰባት ሳምንት በኋላ ሌላ ፈተና አለ። በሩ ላይ ይለጠፋል» አላት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገርህ። ሞተሩ ምድጃ ውስጥ ስድስት ሰዓት መቆየት ጀመረ፤ ለዚህም ምክንያቱ አዲሶቹ ሁለት ሠራተኞች የማንም ውለታ ስለሌለባቸው በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ አልበሰለም» ብለው መመለሳቸው ነው፤ አንደኛው በቃል፣ ሌላው በጣቱ እያሳየ። ተመላሽ ሞተር እየቀነሰ ሄደ። ፎርማኑ ለአንድ ወር አኮረፈ፣ ከዚያ ሥራው ሲቀለው ረሳው። የዘበኛውም ሥራ ተቀየረና ለመጣው ሁሉ ቁጥር መስጠት ሆነ። የወደቀ ሰው የወደቀበትን በወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ከእነዚያ ወረቀቶች በአንዷ ሌላ ጋራዥ የተቀጠረ ሰው አለ። ቀጣሪ ሁሉ ሠራተኛ ጠፋ እያለ ሲያማርር፣ ሠራተኛው ግድግዳውን ተደግፎ የሚቆመው በመካከላቸው ያለው ወንፊት ክፉ ስለሆነ ነው። ወንፊቱን የለወጠ ሰው ጽድቅ ብቻ አልሠራም፤ ለራሱም አተረፈ። የአባ ጆሮን ቃል ልዋስና፣ «እኔ እኮ የምፈልገውን ሰው ነበር በዘበኛ ከበር የማስመልሰው።»

ሰባት ሳምንት ሙሉ ሴትዮዋ በእህቷ ሳሎን ወለል ላይ አሮጌ ሽቦ ዘርግታ ማሰሪያ ስታጠብቅ ከርማለች። በሁለተኛው ፈተና አሥራ አንድ ሰው ተቀመጠ። አባ ጆሮ ስምንተኛው ሞተር ላይ ዓይኑን እንደጨፈነ ፈገግ አለ፤ ስም ሲነበብ እሷ ነበረች። ዛሬ የራሷ ክፍል አላት፤ ልጇም የምታጠናበት ጠረጴዛ አላት ብለውኛል።

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴን ሞተር ይዤ ሄጄ አየኋት። ካካቢቴ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። እስክትጨርስ ጠበቅኩና እንደ ቀልድ፣ «እኔንስ አታመሰግኚኝም?» አልኳት።

ቀና ብላ በእውነት ገርሟት አየችኝ። «ስለ ምን፣ መምህር?»

«ስለ ምንም» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ በራሷ እጅ ገብታ የእኔ ውለታ አልነበረባትምና፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።